የተገለበጠ ጨዋታ የማን ነው?

በነፋስ መውጫ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ የሚኖር አንድ ተማሪ የገዛውን የኮምፒውተር ጨዋታ በሚሞሪ ካርድ ለጓደኛው ቢገለብጥለት ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው? በዚህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ከሳይንስና ከሕግ አንጻር እንመለከታለን።

በካሴት የተቀዳ ዘፈን ከቅጂ ወደ ቅጂ ሲሸጋገር የማይፈለግ ድምፅ እየተጨመረበት ጥራቱ ይቀንሳል። ጨዋታ ግን በ0 እና በ1 የተጻፈ መረጃ በመሆኑ ሺህኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይም። ስለዚህ አንድ ሰው የገዛው ለሺዎች ሊዳረስ ይችላል፤ ለደከመበት ባለሙያ የሚደርሰው ግን የአንዱ ዋጋ ብቻ ነው።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች መካከል መድቦታል። አዋጁ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ለግል ጥቅም ማባዛትን ቢፈቅድም፣ ይህ ፈቃድ ፕሮግራምን አይጨምርም። ሆኖም ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው፣ ቢጠፋበት ወይም ቢበላሽበት የሚተካበት አንድ መጠባበቂያ ቅጂ ሊያዘጋጅ ይችላል። ለጓደኛ ማባዛት ግን መጠባበቂያ አይደለም።

ዋጋው ለተማሪ ኪስ እንደሚከብድ አንዘነጋም። የሚበጀው መንገድ፣ በእኛ እምነት፣ ባለቤቶቻቸው በነጻ እንዲሰራጩ የፈቀዷቸውን ጨዋታዎች መለዋወጥ ነው። «ኩኩሉ» የተሰኘውን ጨዋታ የሠራው የአገራችን ድርጅት ቅኔ ጌምስ ነው። ነገ ከጋይንት፣ ከስማዳ ወይም ከእስቴ የሚነሣ ባለሙያም የድካሙን ዋጋ የሚያገኘው፣ ዛሬ የሌላውን ድካም ማክበር ስንለምድ ነው።