ማንጎ በአፍንጫ ይመረጣል

ፍራፍሬ ቤት ጎራ ብለው ሁለት ዓይነት ማንጎ ጎን ለጎን ተደርድሮ አገኙ እንበል። አንደኛው ትልቅ፣ ድቡልቡልና ቀላ ያለ ነው፤ ቆዳው ያብረቀርቃል። ሌላው አነስ ብሎ ሞላላ፣ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለበት ነው፤ ቆዳው ላይ ነጣ ያሉና ሮዝ መሳይ ነጠብጣቦች አሉበት። የትኛውን ያነሳሉ? የብዙዎቻችን እጅ ወደ ቀዩ ይሄዳል። በማንጎ ነገር ግን ዓይን ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ነጠብጣቡ ምንድን ነው?

ምልክቱን የሚተወው ዋይት ማንጎ ስኬል የሚባል ደቃቅ ተባይ ነው። በአገራችን መኖሩ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 በምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤንሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ ወደ ሌሎች ማንጎ አብቃይ አካባቢዎች ተዛምቷል። ተባዩ ቅጠል፣ ቀንበጥና ፍሬ ላይ ተጣብቆ ፈሳሹን ይመጣል፤ የመጠጠበት ቦታም ቀለሙን ይለውጣል።

ለዛፉ ክፉ ጠላት ነው። ቅጠሉን ያደርቃል፣ ፍሬውን ያለጊዜው ያረግፋል። ለበላተኛው ግን ነገሩ ከቆዳው አያልፍም፤ ቆዳውን ደግሞ ልጠን እንጥለዋለን። ገበሬው ሁለት ጊዜ የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ተባዩ ምርቱን ይቀንስበታል፣ ቀጥሎ የተረፈውን ገዢው “ታሟል” ብሎ ይሸሽበታል። ከፍሬ በቅለው ሰማይ ጠቀስ የሆኑትን የድሮ ዛፎች መድኃኒት መርጨትም አይመችም። ስለዚህ ዛፉን ገርዞ ማሳጠርና በተሻሻለ ዝርያ ማዳቀል ከተያዙት መፍትሔዎች መካከል ናቸው። እርስዎም ለጓሮዎ ችግኝ ሲገዙ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩት፤ ተባዩ አንዱ መጓጓዣው ችግኝ ነው።

ሁሉም እንደ ጠባዩ

የሐበሻ የምንለው ማንጎ ጭረት ይበዛዋል፣ ጥርስ ውስጥም ይገባል። ጠረኑና ጭማቂው ግን የሚያስከነዳ ነው። ይህን ማንጎ በቢላዋ መታገል አያስፈልግም። በእጅዎ ቀስ እያደረጉ ይሹት፤ ውስጡ ሲፈስ ጫፉን በስተው ይምጠጡት። ለጁስ ሲሆን ደግሞ በወንፊት ያጥልሉት።

አፕል ማንጎ፣ ኬንት፣ ኪት እና ቶሚ አትኪንስ በአገራችን በማዳቀል የሚራቡ የተሻሻሉ ዝርያዎች ናቸው። የመጀመሪያው በጎረቤት ኬንያ ስመ ጥር ነው፤ ሦስቱ የተገኙት በአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ነው። ኬንትና ኪት ጭረታቸው ጥቂት ስለሆነ ለመቁረጥ ይመቻሉ። ፍሬውን አቁመው ከጠፍጣፋው አጥንት ግራና ቀኝ ሁለት ጉንጩን ይቁረጡ። ከዚያ ቆዳውን ሳይበሱ ሥጋውን በትንንሽ አራት ማዕዘን ሸንሽነው ከሥር ይግፉት፤ ልጆች በማንኪያ ይጨርሱታል።

ቀለሙን ይተዉት

ኪት በስሎም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ቶሚ አትኪንስ በአንጻሩ ሳይበስል ይቀላል። ስለዚህ ከግንዱ የተቆረጠበትን ጫፍ ያሽትቱ፤ የበሰለ ማንጎ እዚያ ጋ ጣፋጭ ጠረን አለው። ከዚያ በመዳፍዎ ጫን ይበሉት፤ ትንሽ ይለዝባል። ገና ጠንካራ ከሆነ ትከሻውን ይመልከቱ። ሞልቶ ያበጠ ከሆነ ቤት ውስጥ ይበስላል፤ ትከሻው የሰለለ ከሆነ ግን ያለጊዜው የተቆረጠ ነውና ቢጨማደድ እንጂ አይጣፍጥም።

ጥሬውን ፍሪጅ አያስገቡት፤ ቅዝቃዜው ብስለቱን ያበላሸዋል። በጋዜጣ ጠቅልለው ከበሰለ ሙዝ ጋር ያስቀምጡት። ሙዙ የሚያወጣው ጋዝ ብስለቱን ያፋጥነዋል። ፍሪጅ የሚያስፈልገው ከበሰለ በኋላ ነው።

ከገበታው ጋር

ማንጎ ከጁስ ቤት ብርጭቆ ውጪም ቦታ አለው። የበሰለውን በትንንሹ ከትፈው ከቀይ ሽንኩርት፣ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር ያዋሕዱት፤ ለተጠበሰ ዓሣ ግሩም ማባያ ይሆናል። ጥሬውን ሸንሽነው ጨውና ሚጥሚጣ ነስነስ ያድርጉበት። በወቅቱ ሲረክስ ደግሞ ሥጋውን ከትፈው በላስቲክ እየቋጠሩ ፍሪዘር ያስገቡ፤ ለጾም ቁርስ ይደርሳል።

ስፕሪስ የሚወዱ ከሆነም ምርጫዎ መጥፎ አይደለም። ማንጎን ቢጫ የሚያደርገውን፣ ሰውነታችን ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረውን ንጥረ ነገር ለመምጠጥ ስብ ያስፈልጋል፤ አቮካዶው ያንን ይሰጣል። ስኳር ግን አይጨምሩበት። 100 ግራም ማንጎ በራሱ 14 ግራም ገደማ ስኳር አለው። የስኳር ሕመም ያለበት ቤተሰብ ካለ በጁስ ፋንታ ጥቂቱን ቆራርጦ መብላት ይሻለዋል፤ መጠኑን ሐኪሙ ይንገረው።

አንድ ጥንቃቄ ደግሞ አለ። ማንጎ በየመንገዱ ዳር ቅጠሉን አንጠልጥሎ የምናየው፣ ቁንዶ በርበሬ የምንለው ዛፍ ዘመድ ነው። ግንዱ ጋ የሚወጣው ሙጫ የአንዳንድ ሰውን በተለይም የሕፃናትን ከንፈርና ጉንጭ ያሳክካል፣ ሽፍታም ያወጣል። ስለዚህ ጫፉን ቆርጠው ይጣሉ፣ ፍሬውን በደንብ ይጠቡ፣ ለልጅ ልጠው ይስጡ።

ነጭ ነጠብጣቡም ያው በዚሁ እጥበት ነው የሚሄደው፤ በውኃና በለስላሳ ብሩሽ ፈተግ ቢያደርጉት ብዙው ይለቃል። ሮዝ ምልክቱ ቢቀር ከልጣጩ ጋር ይጣላል። ጠረኑ ካማረዎት ነጠብጣብ ያለበትንም ማንጎ ወደ ዘንቢልዎ ያስገቡት። እርስዎ ርካሽና ጣፋጭ ፍሬ ያገኛሉ፤ ገበሬውም ዛፉን ቆርጦ ለማገዶ ከማዋል ይልቅ ገርዞ ለመንከባከብ ምክንያት ይኖረዋል።