የትሬንታ ኳትሮ ቀለምና ቁጥር

የጣሊያን ጦር የያዘው የወልቅፊት ምሽግ እጁን የሰጠው መስከረም 17 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። ቁልቋል በር ህዳር 12፣ ጎንደር ራሷ ህዳር 18 ተከተሉ፤ የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ራሱም ተማረከ። ከዚያ ዘመን የተረፈ የጦር መኪና የሚያድስ ሰው የሚቀባው ምልክት ከነዚህ ቀኖች አንዱን መምረጥ አለበት። መስከረም 16 የነበረው ባለቤትና መስከረም 18 የያዘው ሰው አንድ አይደሉምና።

ለምሳሌ ትሬንታ ኳትሮን እንውሰድ። በዚህ ስም የሚጠራው ፊያት 634 በናፍጣ የሚሠራ፣ ከ6 ቶን በላይ የሚጭን፣ መሪው በቀኝ በኩል የሆነ ከባድ መኪና ነው። የጣሊያን ጦር ንብረት ሳለ ሰውነቱ ብዙውን ጊዜ አመድማ አረንጓዴ ነበር። ታርጋው ነጭ መደብ ላይ ሲሆን «አር ኢ» የሚሉት የንጉሣዊው ጦር ፊደላት በቀይ፣ ቁጥሩ በጥቁር ይጻፋል። ሁሉን በጥቁር መጻፍ የተለመደ ስሕተት ነው። ለማስፈራራት ወይም ለፎቶ ድምቀት ሲባል የፋሺስት አርማ በር ላይ መጨመርም አይገባም፤ ማስረጃ ካለ ይቀመጥ፣ ከሌለ ይቅር። ጎንደር የከፈለችውን ዋጋ ለማሳየት ፈጠራ አያስፈልግም።

እንግሊዞች የማረኩትን የጣሊያን መኪና ያሠሩት ነበር። የራሳቸው የጭነት መኪናዎች ቁጥር በኮፈኑ ጎን የሚጻፍ ሲሆን በ«ኤል» ፊደል ይጀምራል፤ የደቡብ አፍሪካ ጦር መኪኖች ቁጥር ግን በ«ዩ» ይጀምራል። በፊት ለፊት የሚታየው ቢጫ ክብ ውስጥ ያለው ቁጥር መኪናው የትኛውን ድልድይ መሻገር እንደሚችል ያመለክታል። ብዙዎች የሚወዱት ነጭ ኮከብ ግን የአሜሪካ ጦር ምልክት ነው፤ በጦሩ ደንብ የጸደቀው በ1934 ዓ.ም. ክረምት፣ ጎንደር ነፃ ከወጣች ከወራት በኋላ ነው። በሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በ1934 ዓ.ም. መስከረም ይጓዝ ነበር በሚባል መኪና ላይ ኮከብ ካለ ታሪኩ ተበላሽቷል።

እውነቱን የሚናገረው በአብዛኛው መኪናው ራሱ ነው። ፀሐይና ዝናብ ያልነካው ቀለም በማጠፊያው ሥር፣ በታርጋው ጀርባ፣ በሻንሲው ውስጠኛ ጎን ይቀራል። ባትላሜራው መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት እዚያ ቦታ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት፣ በውኃ እያራሱ፣ ቀስ ብሎ መፋቅ ይገባል። ቀለሞቹ ተደራርበው እንደ ዛፍ ቀለበት ይታያሉ፤ ከላይ ከጦሩ በኋላ መኪናውን የያዘው ነጋዴ የቀባው ሰማያዊ ወይም ቀይ፣ ከሥር የጦሩ። እያንዳንዱ ሽፋን ፎቶ ይነሣ። የነጋዴው ዘመን መኪናው እህልና ጨው ሲያመላልስ የኖረበት ስለሆነ እሱን መምረጥም ያስከብራል፤ የሚያስነውረው የሁለት ዘመን ምልክት በአንድ በር ላይ ማደባለቅ ነው። ከታርጋው ጀርባ አንድ ስንዝር ያህል የቀድሞ ቀለም ሳይነካ ይቅር፤ ነገ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ይመረምረዋል።