ያውቁ ኖሯል? ከኮምቦልቻ እስከ ውጫሌ በአንድ ቀን

ያውቁ ኖሯል? ፈረንሳይ ውስጥ በ1982 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ «እጅግ ውብ መንደሮች» የተባለ ማኅበር አለ። ነዋሪዋ ከ2,000 የበለጠ መንደር አባል አትሆንም። አልጋና ማድቤት በተገጠመለት መኪና የሚዞሩ ሰዎች ከአንዷ መንደር ወደ ሌላዋ እያሉ ይውላሉ። ለወሎ ግን ኮንትራት የተያዘ ሚኒባስ ይበቃል፤ ከኮምቦልቻ ውጫሌ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ደሴን ብሎ በአውሮፕላን የሚመጣ መንገደኛ የሚያርፈው ኮምቦልቻ ነው። ከዚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ መውጣት ነው፤ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ከፍታው 600 ሜትር ያህል ይጨምራል። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የተነሳ ሰው ደሴ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ነበሩ፤ የሰሜኑን ጦር በቅርብ ለመምራት መጥተው ነው። ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል እንኳ አልተማረም። ከተማዋ ውስጥ የውጭ ጋዜጠኞች ስለነበሩ ወሬው ዓለምን ለመዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም።

የደሴው ትምህርት ቤት በስማቸው ስለተጠራ ስማቸው በስንት ደብተር ሽፋን ላይ የተጻፈው ወይዘሮ ስኂን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። አባታቸው ደግሞ አስቀድመው ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። ክርስትና የተነሱት በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ካደረጉባት ቦሩ ሜዳ ጋር በተያያዘ ነው። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ወጣ እንዳሉ ናት፤ ብዙው መኪና ሳይቆም ያልፋታል፣ ያሳዝናል።

ሐይቅ ላይ ግን ሞተር ይጥፋ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያደራጁት የእስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፤ ዛሬ በእግር ይገባል፣ ለወንድ ብቻ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት እዚህ ነው። የገዳሙ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ሲሆን የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል አለበት። የተጻፈበት ዘመን በውል ከሚታወቅ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍታችን አንዱ ነው። ሴቶቹ ዳር ላይ የተጠበሰ ዓሣ እየበሉ ይጠብቃሉ፤ ማን እንደተጎዳ እንጃ!

የመንገዱ መጨረሻ ውጫሌ ናት፤ የውጫሌን ውል አንቀጽ 17 ያልሰማ የለም። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመባትን ይስማ ንጉሥን በእግሩ የረገጠ ግን ስንቱ ነው?

ቀኑ ሰኞ ከዋለ ደግሞ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይታጠፉ፦ የባቲ ገበያ ነው፤ አፋሩ ከነግመሉ ወጥቶ ከደገኛው ጋር የሚገበያይበት።