ድውዩ አውራ ዶሮ

በጓሮ የሚኖር አውራ ዶሮ ሕማም ሲጸናበት ከቤተ ሰቡ ሁሉ አስቀድሞ ነገሩን የሚያውቀው፣ በሌሊት ተነሥቶ ዳዊቱን የሚደግመው ሽማግሌ ነው፤ ሰዓቱን ጠብቆ ይሰማ የነበረው ጩኸት ቀርቷልና። ሲነጋም ያ ትናንት ጓሮውን ሲገዛ የዋለው ወሰራ ላባውን ነፍቶ፣ ክንፉን ጥሎ፣ ዓይኑን ከድኖ ከአንድ ጥግ ተቀምጦ ይገኛል። ዶሮ በባሕርዩ ድካሙን የሚሰውር ፍጡር ስለ ሆነ፣ ሕመሙ ለእኛ በታየ ጊዜ ደዌው በሥጋው ውስጥ ሰንብቷል ማለት ነው።

የአስታማሚው ቀዳሚ ሥራ መድኃኒት ፍለጋ መሮጥ ሳይሆን ድውዩን ከሌሎቹ መለየት ነው። ነፋስ በማይገባበት፣ ደረቅ ገለባ በተነጠፈበት ስፍራ ለብቻው ያኑረው፤ ጤነኞቹንም አስቀድሞ አብልቶና አጠጥቶ ወደ በሽተኛው ኋላ ይሂድ፤ ከዚያም እጁን በሳሙና ይታጠብ፣ ጫማውንም ያጽዳ። ለአንዱ ከማዘን የተነሣ ብዙዎቹን ማስፈጀት ርኅራኄ አይባልም።

ቀጥሎ መመርመር ነው። በላባው ሥር ቅንቅን እንዳለ፣ በእግሩ መዳፍ ቁስል እንዳበጠ፣ ከጉሮሮው በታች ያለችው የእህል መጠራቀሚያ ከረጢት ሌሊቱን አድራ ሳትጎድል እንደ ድንጋይ እንደ ጠጠረች በእጅ መዳሰስ ይገባል። ኩሱም ይታይ፤ ደም የተቀላቀለበት እንደ ሆነ፣ በተለይ በጫጩቶች ላይ፣ ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው የአንጀት በሽታ ያጠራጥራል፤ ለዚህም ሐኪም የሚያዝዘው መድኃኒት አለ። ነገር ግን ኩሱ እንደ ውኃ ቀጥኖ አረንጓዴ ከሆነ፣ አፉን ከፍቶ በጭንቅ ከተነፈሰ፣ አንገቱም ከተጠመዘዘ፣ አገራችን ፈንግል ብሎ የሚፈራው፣ በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ ተለይቶ የታወቀው ደዌ እንደ ገባ መጠርጠር ያስፈልጋል። ይህ ደዌ ከቫይረስ የሚመጣ ስለ ሆነ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ በጸናም ጊዜ ያልተከተበውን መንጋ ሊጨርስ ይችላል።

ሕዝባችን በዚህ ጊዜ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ፣ አንዳንዱም አረቄ ይሰጣል፤ የዘመኑ ሰው ደግሞ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትቶ ከውኃ ጋር ያጠጣል። ቴትራሳይክሊን በባክቴርያ ላይ እንጂ በቫይረስ ላይ ሥልጣን የለውም፤ አረቄውም ለደከመ አካል ጉዳት እንጂ ረድኤት አይሆንም። አስታማሚ በእውነት ሊሰጥ የሚችለው ሙቀት፣ ውኃና ዕረፍት ነው። የዶሮ ገላ በጤናው ጊዜ እስከ 41 ዲግሪ የሚሞቅ ስለ ሆነ ብርድ ከሰው ይልቅ ቶሎ ያደክመዋል። ውኃውን ለብ አድርጎ ጥቂት ስኳር መጨመር መልካም ነው፤ ነገር ግን አፉን ፈልቅቆ ማንቆርቆር ከበሽታው ቀድሞ ይገድለዋል፤ የመተንፈሻው ቀዳዳ ከምላሱ ሥር ነውና። ጠብታውን ከመንቆሩ ጎን እያስነኩ ራሱ እንዲውጥ መታገሥ ይሻላል። የሚበላ ከሆነም የራሰ ፍርፋሪ ወይም የተቀቀለ እንቁላል በጥቂቱ ይቅረብለት።

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ ሳልነቅፍ አላልፍም። ዶሮው ማንቀላፋት ሲጀምር ሳይሞት እንሽጠው ተብሎ ለገበያ ይወጣል፤ በበዓል ዋዜማ ከየመንደሩ የመጣው ዶሮ በአንድ ስፍራ ታጉሮ ሲውል ደዌው ወደማያውቀው ቤት ሁሉ ይጓዛል። ገንዘቡ የጥቂት ቀን ነው፤ የጎረቤቱ ጓሮ ግን ባዶ ይቀራል። የሞተውንም ለውሻ መጣል ያው ጥፋት ነውና በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር።

ከፈንግል የተረፈ ዶሮ አንገቱ እንደ ጠመመ ሊቀር ይችላል፤ ምግቡን በጥልቅ ዕቃ ማቅረብ ጥሬውን መልቀም ላቃተው ይረዳዋል። ለተቀሩት ክትባት አለ፤ በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያዘጋጀዋል፤ ሙቀት የሚችለው ዓይነት በዓይን አንዲት ጠብታ ሆኖ ይሰጥና በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ፣ ከተበጠበጠም በኋላ የማይቆይ ስለ ሆነ ሁለት ዶሮ ላላት እናት ብቻዋን መግዛቱ ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤታሞቹ በዕድራቸው ተነጋግረው ገንዘቡን ቢያዋጡና በአንድ ማለዳ፣ ዶሮዎቹ ከቆጥ ሳይወርዱ፣ የየቤቱን አከታትለው ቢያስከትቡ ይቀላል።