ርካሽ ሪል ስትገዙ ኩሽኔታ አትቁጠሩ፣ ፍሬኑን ፈትሹ

«አቦ ይሄኛው ነው የሚሻለው፤ 13 ኩሽኔታ አለው!»

እንዲህ ያለኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ከጅቡቲ የመጡ ዕቃዎች ከሚሸጥ አንድ ነጋዴ ፊት ቆመናል። በእጃችን ሁለት ሪል ይዘናል። ሪል ማለት ዘንግ ላይ ታስሮ የዓሣ ማጥመጃ ክር የሚጠነጠንበት መሣሪያ ነው። አንዱ ወርቃማና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «13» ተጽፎበታል። ሌላው ጥቁርና ደብዛዛ ነው፤ የተጻፈበት «4» ብቻ። ዋጋቸው እኩል ነው። ልጁ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ገንዘቡን ያጠራቀመው ክረምቱን ሙሉ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ እያስጠና ነው። ከተሳሳተ ሌላ የሚገዛበት የለውም።

እኔ ደግሞ የሜካኒካል ምሕንድስና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። «ኢንጂነር አይደለህ? ምረጥልኝ» ብሎ ነው ጎትቶ ያመጣኝ። ዛሬ የማጫውታችሁ ከሁለቱ የትኛውን እንደመረጥንና ለምን እንደመረጥነው ነው። መልሱ ውስጥ ማርሽ አለ፣ ሰበቃ አለ፣ አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድም አለ።

ለየትኛው ዓሣ?

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ሐረማያ ትደርሳላችሁ። የሐረማያ ሐይቅ ለብዙ ዓመታት የሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ምንጭ ነበር። እኛ ልጆች ሳለን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ሐይቁ ደረቀ። «አበቃለት» ብለን ነበር፤ ባለፉት ዓመታት ግን ውሃው ተመለሰ። ውሃው ሲመለስ ወፉም፣ ዓሣውም፣ መንጠቆ የያዘ ልጅም አብሮ ተመለሰ። የአክስቴ ልጅ ከእነዚህ አንዱ ነው። እስካሁን የሚያጠምደው ክሩን በእጁ ይዞ ነበር።

ስለ ሪል የሚያውቀውን ሁሉ የተማረው ግን ከአሜሪካ ቪዲዮዎች ነው። እዚያ የሚወራው «ባስ» ስለሚባል ዓሣ ነው። ባስ የሰሜን አሜሪካ አዳኝ ዓሣ ነው፤ አድፍጦ ይጠብቅና የሚንቀሳቀስ ነገር ሲያይ ይወረወርበታል። ወደ እኛ ሰፈር የቀረበው ሰዎች አምጥተውት ነው፤ ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ ሐይቅ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። እኛ የለመድናቸው ቆሮሶና አምባዛ ናቸው። እንደ ባስ ሌላ ዓሣ እያሳደደ የሚበላ ከፈለጋችሁ ጫሞና አባያ ላይ ናይል ፐርች አለላችሁ፤ ጣና ላይ ደግሞ አዳኝ የሆኑ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ።

ታዲያ ለባስ የተሠራ ሪል ለእኛ ይሆናል ወይ? ይሆናል። አብዛኛው የሚያዝ ባስ ከሁለት ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ ጆርጂያ የተያዘውና ለዓመታት ብቻውን ክብረ ወሰን ሆኖ የቆየው እንኳ 10 ኪሎ ገደማ ነበር። ለዚህ የሚበቃ ሪል ለቆሮሶና ለመካከለኛ አምባዛ አያንስም።

የሚዞር ከበሮ፣ የማይዞር ከበሮ

ሪሎች ብዙ ዓይነት ቢሆኑም ዋናው ልዩነታቸው አንድ ጥያቄ ነው። ክሩን ስትወረውሩ ከበሮው ይዞራል ወይስ አይዞርም?

የሚዞረው ዓይነት በአሜሪካ ኬንታኪ በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ታወቀ። ከሠሩት አንዱ ጆርጅ ስናይደር የሚባል ሰዓት ሠሪ ነበር። የዛሬ ባስ አጥማጆችም ይህን ዓይነት ይወዱታል፤ ኃይለኛና ለትክክለኛ ውርወራ የሚመች ነው። ችግሩ ምንድን ነው? አንዴ መዞር የጀመረ ከበሮ መቆም አይወድም። መንጠቆው ውሃ ላይ አርፎ ክሩ ሲቆም ከበሮው ገና ይዞራል። ያኔ ክሩ ተተራምሶ የወፍ ጎጆ ይመስላል። ይህን የሚቆጣጠር ጥሩ ስልት ደግሞ በርካሽ አይሠራም።

ሁለተኛው ዓይነት የተወለደው ከጨርቃ ጨርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበው እንግሊዛዊው ኢሊንግዎርዝ የጨርቃ ጨርቅ ባለሀብት ነበር። ሐሳቡ ለሐረር ልጅ አዲስ አይደለም። ጁገል ውስጥ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊዎቹን ተመልከቱ፤ ትልቁ የክር ጥቅል ቀጥ ብሎ እንደቆመ ክሩ ከጫፉ ይመዘዛል። ጥቅሉ አይዞርም። የማይዞር ነገር ደግሞ «አልቆምም» ብሎ ክር አያተራምስም። ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁና ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ከበሮው የማይዞረውን ግዙ። በእጃችን የነበሩት ሁለቱም ከዚህ ዓይነት ነበሩ።

ማርሹ ምን ይላል?

ካርቶኑ ላይ «5.2:1» የሚል ታያላችሁ። እጀታውን አንድ ጊዜ ስታዞሩ ክሩን የሚጠቀልለው ክፍል 5.2 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ከበሮው 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ዙሪያው 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በ5.2 ስናባዛው 73 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ዙር፣ 73 ሴንቲ ሜትር ክር። ሬሾው 7 ቢሆን አንድ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም።

«ታዲያ 7 አይሻልም?» አለኝ ልጁ። አይ፣ በነፃ የሚገኝ ነገር የለም። ባጃጅ የሐረርን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያቃስታል። ፍጥነት ስትጨምሩ ጉልበት ትከፍላላችሁ። ክሩ ላይ 1 ኪሎ የሚጎትት ዓሣ ቢኖርና የእጀታው ርዝመት 55 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ5.2 እጃችሁ የሚገፋው ወደ 2.1 ኪሎ ነው፤ በ7 ግን ወደ 2.9 ኪሎ ይደርሳል። ይህ እንግዲህ ሰበቃውን ሳንቆጥር ነው። ርካሽ ሪል ውስጥ ያለው ማርሽ ደግሞ ከለስላሳ ብረት የተሠራ ስለሚሆን ጫናው ቶሎ ይበላዋል። ለመጀመሪያ ሪል 5 ምናምን በቂ ነው።

ዋናው ነገር፦ ፍሬኑ

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። ከበሮው አናት ላይ የምትጠበቅና የምትላላ ቁልፍ አለች። ከሥሯ ሮንዴላ የሚመስሉ ክብ ሰሌዳዎች ተደራርበዋል። ስታጠብቋት ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ዓሣው በኃይል ሲጎትት ግን ይንሸራተቱና ክር ይለቃሉ። ይህ የሪሉ ፍሬን ነው። ሥራው ዓሣውን ማቆም አይደለም፤ ክሩ ከመበጠሱ በፊት እጅ መስጠት ነው።

ቁም ሣጥን ገፍታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ንቅንቅ አልል ይላል፤ አንዴ ከተነሣ በኋላ ግን እየቀለለ ይሄዳል። የቆመ ነገር ለመነሣት የሚጠይቀው ሰበቃ ሲንሸራተት ካለው ይበልጣል። መጥፎ ፍሬን ልክ እንደዚያ ሣጥን ነው። እንበል ሲንሸራተት 1 ኪሎ ይይዛል፣ ለመነሣት ግን 2 ኪሎ ተኩል ይጠይቃል። ዓሣው በድንገት ሲፈተለክ ክሩ መጀመሪያ የሚገጥመው 2 ኪሎ ተኩሉን ነው፤ የድንገቱ ምት ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያም ያልፋል። «4 ኪሎ ይችላል» የተባለ ክር ቋጠሮው ላይ ደካማ ነው። ጧ! በቃ።

ክር ሲበጠስ የሚጠፋው ዓሣው ብቻ አይደለም። መንጠቆው አፉ ውስጥ ይቀራል፤ ውሃ ውስጥ የቀረው ክር የወፍ እግር ይጠልፋል። ደርቆ በተመለሰ ሐይቅ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥሩ ፍሬን ለመነሣትም ለመንሸራተትም የሚጠይቀው ኃይል ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ካርቶን ላይ «8 ኪሎ ፍሬን» የሚል ጽሑፍ አያጓጓችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ከክሩ አቅም ከሩብ እስከ ሲሶ ነው፤ ለ4 ኪሎ ክር ከ1 እስከ 1.3 ኪሎ። ይበልጥ የሚያሳስበው ልስላሴው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ክሩ እየተለቀቀ ሲሄድ ከበሮው ላይ ያለው ጥቅል ይቀጥናል፤ ቁልፏን ሳትነኩ ፍሬኑ በራሱ ይከብዳል። የጥቅሉ ሬዲየስ ከ22.5 ሚሊ ሜትር ወደ 15 ቢወርድ 1.2 ኪሎ የነበረው 1.8 ይሆናል። ዓሣው ብዙ ክር ይዞ ከሄደ ቁልፏን ትንሽ አላሏት።

የሃይላንዱ ፈተና

ታዲያ ልስላሴውን ሱቅ ውስጥ በምን እንለካለን? አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ሚዛናችን እሱ ነው።

ልጁ ከጎረቤት ሱቅ ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ገዛ። ጠርሙሱን ከክሩ ጫፍ አሰርነው፣ ሪሉን በእጄ ይዤ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አደረግሁት። ነጋዴው ሳቀ፤ «ልጆቼ፣ ዓሣ ነው ወይስ ውሃ የምታጠምዱት?» አለን። ሁለት ሦስት ሰው ለማየት ቆመ።

መጀመሪያ ወርቃማው። ቁልፏን ቀስ በቀስ አላላሁ። ጠርሙሱ ዝም። ትንሽ ጨመርኩ። ዝም። አሁንም ትንሽ፤ ድብ! መሬት ወረደ። ደግመን ሞከርን፣ ያው ሆነ። ይሄ የቁም ሣጥኑ ጠባይ ነው።

ከዚያ ጥቁሩ። አላላሁ፣ አላላሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ጠርሙሱ ሳይቸኩል፣ ሳይቆራረጥ፣ ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ። በእጃችን ከፍ አድርገን ለአንድ ደቂቃ አቆምነውና ቀስ ብለን ለቀቅነው። እንደገና ያለ ምንም ግርግር ወረደ። ሳቁ የነጋዴው ሳይሆን የእኛ ሆነ።

13ቱ ኩሽኔታስ?

ኩሽኔታ መጥፎ ነገር አይደለም፤ የሚዞርን ነገር ሰበቃ ይቀንሳል። ግን አስቡት፤ ስትወረውሩ ከበሮው አይዞርም፤ ስለዚህ ኩሽኔታ የመወርወር ርቀት አይጨምርላችሁም። (ከበሮው በሚዞረው ዓይነት ላይ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።) ስትጠቀልሉ ደግሞ እጃችሁ በሰከንድ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ነው የሚዞረው። ትልቁን ማርሽ በግራና በቀኝ የሚሸከሙ ሁለት፣ ትንሹን ማርሽ የሚይዝ አንድ፣ ክሩ የሚታጠፍበት ሮለር ላይ አንድ፤ አራት በቦታቸው ከተቀመጡ ዋናው ሥራ ተሠራ።

ዋጋቸው እኩል ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ። ለትርፍ ዘጠኝ ኩሽኔታዎች የወጣው ገንዘብ ከየት ተቀነሰ? ብዙ ጊዜ ከማይታየው ቦታ ነው፤ ከማርሹና ከፍሬኑ።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

1. የሃይላንዱን ፈተና አድርጉ። ውሃ ከሌለ ክሩን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት፤ እየቆመ እየተነሣ ከሆነ ተዉት።
2. እጀታውን በቀስታ አዙሩ። እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ማርሹ በደንብ አልተቆረጠም።
3. እጀታውን ወደ ኋላ መልሱት። ወዲያው መቆም አለበት፤ ብዙ ከላላ መንጠቆ ስትስቡ ያሳፍራችኋል።
4. ክሩን የሚመልሰውን ሽቦ አሥር ጊዜ ክፈቱና ዝጉ። ሁሌም እኩል መዝጋት አለበት።
5. ክሩ የሚታጠፍበት ሮለር በጣታችሁ ሲነካ ይዞር እንደሆነ እዩ። ካልዞረ ክሩን እያሸ ይጨርሰዋል።

ቤት ስትገቡ ደግሞ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ የፍሬኑን ቁልፍ አላሉ። ተጠብቆ የሚያድር ፍሬን ሰሌዳዎቹ ይጣበቁና ለስላሳው ራሱ ቁም ሣጥን ይሆናል።

የአክስቴ ልጅ ጥቁሩን ገዛ። ካርቶኑን ግን የወርቃማውን ለምኖ ወሰደ፤ «ያምራል» ብሎ። ከዚያ ወዲህ ሐረማያ ስንት ጊዜ እንደሄደ እሱ ይቁጠር። እስካሁን የያዛቸው እንደ መዳፍ የሚያህሉ ቆሮሶዎች ናቸው፤ አንድ ትልቅ ነገር መንጠቆውን ውጦ ክሩን ለደቂቃዎች ሲጎትትበት ቆይቶ በመጨረሻ ራሱን አላቀቀ። ደውሎ ሲነግረኝ የዓሣው ማምለጥ ብዙም አላናደደውም። «ክሩ ግን አልተበጠሰም» አለኝ። «መንጠቆው ራሱ ተመልሶልኛል።»