የተቀነሰው ዘፈን፦ ከሙዚቃዊ ተውኔት ስለሚወጣውና ስለሚጠበቀው



የዛሬው ርእሰ ጉዳዬ ተመልካች ስለማይሰማው ዘፈን ነው። አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት ሲከፈት በመድረክ የምንሰማቸው ዘፈኖች ከብዙ ፈተና የተረፉ ናቸው። ከጀርባቸው ደራሲው የደከመባቸው፣ ተዋንያኑ ያጠኗቸው፣ ነገር ግን በልምምድ ወይም በሙከራ ትርኢት ጊዜ የተቀነሱ ሌሎች ዘፈኖች አሉ። ሙሉ በሙሉ ሳይጣሉ ለአዘጋጁ ምርጫ የተተዉም አሉ፤ ቢፈለግ ይዘፈናሉ፣ ባይፈለግ ይቀራሉ። እነዚህ ዘፈኖች ለምን ይወጣሉ? ሲወጡስ ምን ይዘው ይሄዳሉ? ምሳሌዎቼን የምወስደው ይህ ልማድ በሰነድ በሚገባ ከተመዘገበበት ከአሜሪካው የብሮድዌይ ቴአትር ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጊዜ አንድ አዲስ ሙዚቃዊ ተውኔት ኒው ዮርክ ከመግባቱ በፊት እንደ ቦስተን፣ ኒው ሄቨን፣ ፊላደልፊያና ዋሽንግተን ባሉ ከተሞች ለጥቂት ሳምንታት ለሙከራ ይታይ ነበር። ተመልካቹ ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባ እውነተኛ ተመልካች ነው። ማታ የት እንደሳቀ፣ የት እንደተሰላቸ፣ የት ላይ ሳል እንደበዛበት በጥንቃቄ ይታያል፤ በማግስቱ ደራሲያኑ ተቀምጠው ያርማሉ፤ የታረመውም ለተዋንያኑ ተሰጥቶ ዳግመኛ በመድረክ ይፈተናል። ብዙ ዘፈኖች የሚቀነሱት በእነዚህ ሳምንታት ነው።

የመጀመሪያው የመቀነስ ምክንያት፣ ዘፈኑ በራሱ መልካም ሆኖ ሳለ ለተመልካቹ የተሳሳተ ነገር መንገሩ ነው። ስቲቨን ሶንድሃይም ዜማውንም ግጥሙንም የጻፈለት፣ ከጥንታዊው ሮማዊ ጸሐፌ ተውኔት ከፕላውተስ ኮሜዲዎች የተቀዳ አንድ ተውኔት አለ፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ወደ ፎረም ስሄድ አንድ አስቂኝ ነገር ገጠመኝ» ይሆናል። በ1962 በዋሽንግተን ለሙከራ ሲታይ ተመልካቹ አልሳቀም። መክፈቻው ስለ ፍቅር የሚያወሳ ለስላሳ ዘፈን ነበር። ለምክር የተጠራው አዘጋጅ ጀሮም ሮቢንስ ችግሩን በመክፈቻው ላይ አገኘው፤ ተመልካቹ ሊያይ የመጣው ነገር ልጓም ያጣ ቧልት መሆኑ ከመጀመሪያው ሊነገረው ይገባ ነበር። ሶንድሃይምም «ኮሜዲ ቱናይት» የተሰኘውን አዲስ መክፈቻ ጻፈ። ተውኔቱ ኒው ዮርክ ገብቶ 964 ጊዜ ታየ። የወጣው ዘፈን መጥፎ አልነበረም፤ ጥፋቱ በሩ ላይ ቆሞ እንግዳውን ወደ ሌላ ቤት መምራቱ ነበር። እንዲህ ያለ ቅነሳ የጥበብ ሥራ ነው፤ ማንንም አይጎዳም።

ሁለተኛው ምክንያት ዘፈኑ ገና ባለቤቱን አለማግኘቱ ነው። አቀናባሪው ጀሮም ከርንና ገጣሚው ፒ. ጂ. ዎድሃውስ በ1918 ለቀረበው «ኦ ሌዲ! ሌዲ!!» ለተሰኘ ኮሜዲ «ቢል» የሚባል ዘፈን ጽፈው ነበር። አንዲት ሴት ምንም የተለየ ነገር የሌለውን አንድ ተራ ሰው ለምን እንደምትወደው ለራሷም ሊገባት እንዳልቻለ የምትናገርበት ነው። ተውኔቱ ኒው ዮርክ ሳይደርስ ዘፈኑ ተቀነሰ። ከርን ግን አልጣለውም። በ1927 ከኦስካር ሐመርስታይን ጋር «ሾው ቦት»ን ሲሠራ፣ ሐመርስታይን ግጥሙን በከፊል አሻሽሎት፣ ለጁሊ ተሰጠ። ጁሊ በሁለተኛው ገቢር ባሏ ጥሏት የሄደ፣ በመጠጥ የተጎዳች ዘፋኝ ናት። ሔለን ሞርጋን ፒያኖ ላይ ተቀምጣ ስትዘፍነው ያው ቀልድ ኀዘን ሆነ። ዜማው ያው ነው፤ የተለወጠችው የምትዘፍነው ሴት ናት። ስለዚህ ተቀናሽ ዘፈን ሁልጊዜ የሞተ ዘፈን አይደለም፤ አንዳንዱ ባለቤቱን የሚጠብቅ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ሰዓት ነው። ሁላችንም በቀላሉ የምንቀበለው ምክንያት ይህ በመሆኑ፣ ከሁሉ ይልቅ ልንጠነቀቅበት የሚገባውም ይኸው ይመስለኛል።

ከዚያው ከ«ሾው ቦት» አልወጣም። ተውኔቱ በሚሲሲፒ ወንዝ እየተጓዘ ትርኢት የሚያሳይ የአንድ መርከብ ሰዎችን ሕይወት ይተርካል፤ መነሻውም ኤድና ፈርበር በ1926 ያሳተመችው ልቦለድ ነው። ኖቬምበር 15 ቀን 1927 በዋሽንግተን ናሽናል ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ከአራት ሰዓት በላይ ፈጀ፤ ተመልካቹ የወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ዲሴምበር 27 ኒው ዮርክ ላይ እስኪከፈት ድረስ ማሳጠር ግድ ሆነ። ከወጡት መካከል አንዱ «ሚዝሪስ ካሚን አራውንድ» የተሰኘው ነው፤ ርእሱ መከራ እየቀረበ መሆኑን ይናገራል። የሚዘፍኑት የመርከቡ ምግብ አብሳይ ኩዊኒና ጥቁር ሠራተኞቹ ናቸው። ጁሊም አብራቸው ታዜማለች።

ይህ ዘፈን የት ቦታ ላይ እንደነበረ ልብ በሉ። ጁሊ እንደ ነጭ ተቆጥራ የምትኖር፣ ነገር ግን የጥቁር ዘር ያለባት ሴት ናት፤ ባሏ ስቲቭ ነጭ ነው። በሚሲሲፒ ሕግ ጋብቻቸው ወንጀል ነበር። የሕግ አስከባሪው መጥቶ ከመያዛቸው በፊት ስቲቭ የሚስቱን ጣት በጩቤ ነክቶ ደሟን ይመጥጣል፤ «እኔም የጥቁር ደም አለኝ» ለማለት እንዲችል ነው። ዘፈኑ የሚመጣው ከዚህ ትዕይንት በፊት ነው። ያ ሕግ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በኑሯቸው የሚያውቁት ጥቁር ገጸ ባሕርያት አደጋውን ከሁሉም ቀድመው ያሸትቱታል። በእኔ ንባብ፣ ዘፈኑ ሲወጣ የቀረው ታሪክ ያው ቢሆንም ባለቤቱ ተለወጠ። መከራው ድንገት ከውጭ የመጣ የሁለት ሰዎች ችግር መሰለ፤ መከራውን የሚያውቁት ሰዎች ዝም አሉ። የተቆረጠው በደቂቃ ተሰፍሮ ነው፤ የጠፋው ግን በደቂቃ አይሰፈርም።

ከርን ይህን የተረዳ ይመስላል። ዜማውን በመክፈቻው ሙዚቃ ውስጥ አስቀረው፤ ከዚያም አልፎ ዘፈኑ በታተመው የፒያኖና የድምፅ ኖታ ውስጥ እንዲገባ አጥብቆ ጠየቀ፤ ገባም። በ1982 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሲኮከስ በተባለ ከተማ በአንድ የሙዚቃ አሳታሚ መጋዘን የከርን፣ የጋርሽዊንና የሌሎችም አቀናባሪዎች የእጅ ጽሑፎች በሣጥን ታሽገው ተገኙ፤ ያ ግኝት እንደነዚህ ያሉትን ተውኔቶች በጥንት መልካቸው ለማጥናት ታላቅ በር ከፈተ። በ1988 የሙዚቃ መሪው ጆን ማግሊን «ሾው ቦት»ን በሙሉ ሲያስቀርጽ ዘፈኑ ከ60 ዓመታት በኋላ በቦታው ተሰማ። ሀሮልድ ፕሪንስም በ1993 ቶሮንቶ፣ በ1994 ብሮድዌይ ላይ ባቀረበው ዝግጅት ወደ መድረክ መለሰው። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሰው የተቆረጠውን ወረቀት አልጥልም በማለቱ ነው።

አራተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። በ1949 በተከፈተው «ሳውዝ ፓሲፊክ» ውስጥ ሌተና ኬብል የሚዘፍነው፣ የዘር ጥላቻ አብሮን የሚወለድ ሳይሆን በልጅነት የምንማረው ነገር መሆኑን የሚናገር አጭር ዘፈን አለ። ሮጀርስንና ሐመርስታይንን ብዙዎች እንዲቀንሱት መከሩ፤ እነርሱ ግን ተውኔቱ የተጻፈው ለዚህ ነው በሚል አቋም ጸኑ። በ1953 ተውኔቱ በጆርጂያ ሲዞር የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ዘፈኑን አጥብቀው አወገዙ። ከስብከት የማይሻል ዘፈን ነው ብሎ በጥበብ ሚዛን የሚነቅፈው ሊኖር ይችላል፤ እንዲወጣ የተጠየቀው ግን በዚያ ሚዛን አልነበረም።

ሁልጊዜ ግን ነገሩ እንዲህ ግልጽ አይደለም። በ1966 «ካባሬ» ቦስተን ላይ ሲሞከር፣ የምሽት ክበቡ አስተናጋጅ ከአንድ ጎሪላ ጋር እየደነሰ የሚዘፍነው ዘፈን የመጨረሻ ስንኝ ተመልካቹን በድንገት ከናዚዎች የአይሁድ ጥላቻ ጋር ያላትመው ነበር። ሲስቅ የቆየው ሰው በምን እየሳቀ እንደነበር እንዲያፍር ታስቦ የተጻፈ ነው። አይሁዳውያን ተመልካቾች ግን ቅር ተሰኙ፤ ስንኙ ተለወጠ። በ1972ቱ ፊልም ውስጥ ተመለሰ፤ በኋለኞቹ የመድረክ ዝግጅቶችም ተዘፈነ። ቅሬታው ከእውነተኛ ቁስል የመጣ ነበር፤ የስንኙም ዓላማ ያንኑ ቁስል ያደረሰውን ጥላቻ ማጋለጥ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ሊደመጡ የሚገባቸው ሆነው ሳለ አንዱ ብቻ ሊሆን ይችል ነበር። የአዘጋጅነት ክብደቱ እዚህ ላይ ነው።

ከዚህ ወደ አማራጭ ዘፈኖች እንለፍ። በብዙ አገር አንድ ሙዚቃዊ ተውኔት የሚታየው ከባለመብቶቹ ፈቃድ ተገኝቶ ነው፤ አዘጋጁም ያለ ፈቃድ ዘፈን ሊቀንስ ወይም ሊጨምር አይችልም። ይሁን እንጂ አንዳንዱ ተውኔት በተለያዩ ቅጂዎች ይሰጣል። «ካባሬ» በ1966፣ በ1987 እና በ1998 ቅጂዎቹ አንድ ዓይነት የዘፈን ዝርዝር የለውም። የኧርቪንግ በርሊን «አኒ ጌት ዩር ገን»ም እንዲሁ ነው፤ በ1946 የነበረው የአሜሪካን ቀደምት ሕዝቦች የሚያላግጥ ዘፈን፣ ፒተር ስቶን ታሪኩን ባሻሻለበት በ1999ኙ ዝግጅት ወጥቷል። ይህ ከፍርሃት የመጣ ቅነሳ አይመስለኝም። የ«ሾው ቦት»ን ዘፈን ከዚህ ጋር ብታነጻጽሩት ልዩነቱ ይገባችኋል፤ በአንደኛው የተወሰደው የሰዎች ድምፅ ነው፤ በሌላኛው የተወሰደው በሰዎች ላይ የተደረገ ፌዝ ነው።

እንግዲህ መቀነስ ክፉ ነው አልልም። ተውኔት እንደ ወይን ተክል ነው፤ ካልተገረዘ አያፈራም። የምለው ይህን ነው፦ መቀስ ስታነሡ ምክንያታችሁን በስሙ ጥሩት። ሰዓት ነው? ስልት ነው? ፍርሃት ነው? ቀጥሎም ይህ ዘፈን ሲወጣ ዝም የሚለው ማን እንደሆነ ጠይቁ። በመጨረሻም የቀነሳችሁትን ጠብቁ።

ይህን ምክር የምሰጠው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ገና ወጣት መምህር ሳለሁ ከተማሪዎቼ ጋር አንድ አጭር ሙዚቃዊ ተውኔት አዘጋጅቼ ነበር። አንድ ተማሪ፣ የቤት ሠራተኛዋ ሁሉም ከተኙ በኋላ ብቻዋን የምትዘፍነውን ዘፈን ጽፎ አመጣ። ተውኔቱ ረዝሞብን ነበርና ታሪኩን ወደ ፊት አያራምድም ብዬ ቀነስኩት። ተማሪው አልተከራከረኝም፤ ያን ጊዜ መምህርን መከራከር አይለመድም ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጽሑፉን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ሳነበው፣ ያቺ ሠራተኛ በተውኔቱ ሁሉ የምትናገረው «አቤት» እና «እሺ እትዬ» ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ዘፈኑን ፈለግሁ። ወረቀቱን አላስቀመጥኩም ነበር። ጸሐፊውን አፈላልጌ ባገኘውም፣ እርሱም ዜማውን እንጂ ቃሉን አያስታውስም፤ የሰጠሁት ብቸኛ ቅጂ እርስዎ ዘንድ ነበር አለኝ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አባቶቻችን። ከርን የቀነሰውን ዘፈን አሳተመ፤ ከ60 ዓመታት በኋላ ኩዊኒ ድምፅዋን አገኘች። እኔ የቀነስኩትን ጣልኩ፤ የእኔዋ ሠራተኛ እስከ ዛሬ «እሺ እትዬ» ትላለች። በዚህ ዓመት የመመረቂያ ተውኔታችሁን የምታዘጋጁ ተማሪዎች ሆይ፣ ከልምምድ ክፍሉ ስትወጡ ወለሉ ላይ የወደቀውን ወረቀት አንሡ፤ ቀኑንና የቀነሳችሁበትን ምክንያት በጠርዙ ላይ ጽፋችሁ በፋይል አኑሩት።