ከቀዶ ጥገና በኋላ በምጥ ለመውለድ የሚደረግ ዝግጅት፦ ከቆቦና ከራያ ቆላ አንጻር

አንድ ጊዜ በቀዶ ጥገና የወለደች እናት ቀጣዩን ልጇን በምጥ መውለድ ትችላለች ወይ ለሚለው ጥያቄ የሕክምናው ዓለም መልስ ከሰጠ ቆይቷል። ማህፀኗ በታችኛው ክፍሉ አግድም ተቀድዶ ከተሰፋና ሌላ ከልካይ ምክንያት ከሌለ፣ ከሚሞክሩት መካከል ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆኑት ይሳካላቸዋል፤ ጠባሳው የሚተረተርባቸው ደግሞ ከአንድ በመቶ በታች ናቸው። ይሁንና እነዚህ አሐዞች በአመዛኙ የተገኙት ምጡን መከታተልና ሲያስፈልግ ፈጥኖ ቀዶ ጥገና ማድረግ ከሚቻልባቸው ሆስፒታሎች ነው። በቆቦና በዙሪያዋ ባለው ቆላ ዝግጅት ማለት በቅድሚያ ይህንኑ ሁኔታ ማሟላት ነው።

የመጀመሪያው ነገር ጠባሳውን ማወቅ ነው። ኤድዊን ክሬጊን የተባሉት የኒውዮርክ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1916 በቀዶ ጥገና የወለደች ሁልጊዜም በዚያው መንገድ እንደምትወልድ ሲጽፉ፣ በተለመደው አሠራር ማህፀን የሚቀደደው ቁልቁል ነበር። (አባባሉ የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ያለ በቂ ምክንያት እንዳይደረግ ለማስጠንቀቅ የታሰበ ቢሆንም፣ ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደ ሕግ ተቆጥሯል።) ቁልቁል የተቀደደ ማህፀን ምጥ ሳይጀምር እንኳ ሊተረተር ስለሚችል ለሙከራ አይመከርም። ችግሩ የሆድ ቆዳ ላይ የሚታየው ጠባሳ ስለ ማህፀኑ አለመናገሩ ነው፤ ቆዳዋ ቁልቁል የተሰፋ እናት ማህፀኗ አግድም የተቀደደ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚናገረው የቀዶ ጥገናው መዝገብ ብቻ ነው።

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። ስለዚህ መዝገብን በሆስፒታል መደርደሪያ ላይ ብቻ መተው በዚህ አካባቢ አያስተማምንም። ማህፀኑ እንዴት እንደተቀደደ፣ ቀዶ ጥገናው ለምን እንደተደረገና ቁስሉ አመርቅዞ እንደነበር የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ለእናትየዋ በእጇ ሊሰጣት ይገባል። በዚህ አስተያየት የቀጣዩ ወሊድ ዝግጅት የሚጀምረው ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ወጥታ ወደ ቤቷ በምትሄድበት ዕለት ነው። ጽሑፉ ከሌለ አዋላጇ ታሪኩን በጥያቄ ታፈላልጋለች፦ ፅንሱ ስንት ወሩ ነበር? አግድም ተኝቶ ነበር? ጊዜው ገና የነበረ ወይም አግድም የተኛ ፅንስ ማህፀኑ ቁልቁል ተቀድዶ እንደሆነ ያስጠረጥራል። ከዚህ በፊት በምጥ የወለደች እናት የመሳካት ዕድሏ ከፍ ያለ ነው፤ በሁለቱ ወሊዶች መካከል ከ18 ወር በታች ከሆነ ግን የመተርተር አደጋው ይጨምራል።

ሁለተኛው ነገር ምጡ ሲጀምር እናትየዋ የት ትገኛለች የሚለው ነው። በቆቦ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ፤ ወልድያ ደግሞ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በአስፋልቱ ዳር ለምትኖር ሴት ይህ ብዙ ላይሆን ይችላል። ከዞብል ተራራ በቃሬዛ ለምትወርድ፣ ወይም በሐምሌና በነሐሴ ደራሽ ውኃ መንገዷን ለሚዘጋባት ግን ሰዓታት ማለት ነው፤ የተተረተረ ማህፀን ደግሞ ሰዓታት አይሰጥም። ስለዚህ ምጡ እስኪመጣ ቤት መጠበቅ አይገባም። መውለጃዋ ሳይደርስ ቀዶ ጥገና ወደሚሰጥበት ተቋም ቀርባ በእናቶች ማቆያ መቆየት፣ ወይም ከተማ ካለ ዘመድ ዘንድ ማረፍ ያስፈልጋል።

የማቆያን ጥቅም በተመለከተ በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል የ22 ዓመት መዝገብ (እ.ኤ.አ. 1987–2008) ይጠቀሳል። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት መካከል የእናቶች ሞት ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 90 ገደማ ሲሆን፣ በቀጥታ ከመጡት ግን ከ1,300 በላይ ነበር። ልዩነቱ ሁሉ የማቆያው ውጤት ነው ማለት አይቻልም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ሕመሙ ከጸናባቸው በኋላ የደረሱ ናቸውና። ሆኖም የጠባሳ ባለቤት የሆነችው እናት ዘግይታ ከሚደርሱት መካከል እንዳትሆን የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ማሽላ በሚታጨድበት ወቅት ልጆቹን ማን ያበላል፣ ከብቱን ማን ያያል የሚለው ጥያቄ በእርግዝና ክትትል ወቅት ከባልና ከአማት ጋር ካልተነሳ የማቆያው አልጋ ባዶውን ያድራል።

በምጡ ጊዜ ሚሶፕሮስቶል ለምጥ ማስጀመሪያነት አይሰጥም። የፅንሱ የልብ ምትም ያለማቋረጥ ክትትል ይሻል፤ ብዙ ጊዜ የመተርተር የመጀመሪያ ምልክት የልብ ምቱ መዛባት እንጂ የእናትየዋ ሕመም አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በቀዶ ጥገና የተወለዱት በአገር አቀፍ ደረጃ 2 በመቶ ሲሆኑ በ2019 ወደ 5 በመቶ ከፍ ብለዋል፤ ጠባሳ ይዘው የሚያረግዙትም በዚያው መጠን እየበዙ ነው። በ2016ቱ ጥናት አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጆች ትወልዳለች። ቀዶ ጥገናው በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ የእንግዴ ልጅ በጠባሳው ላይ ሥር ሰድዶ የመጣበቅ አደጋ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ሁሉንም በድጋሚ ቀዶ ጥገና ማዋለድ ቀላል መፍትሔ አይሆንም። ከሁሉ የከፋው ግን ዳግም እንዳትቀደድ ፈርታ ምጧን ቤቷ ደብቃ የምታሳልፈው እናት ዕጣ ነው። ለእርሷ በክትትል ጊዜ ሊነገራት የሚገባው በምጥ የመውለድ ሙከራ የሚፈቀድላት መሆኑን፣ የሚፈቀደው ግን ሆስፒታል ውስጥ መሆኑን፣ ሙከራውም መሐል ላይ ወደ ቀዶ ጥገና ሊቀየር እንደሚችል ነው።